«ተሻለሽ?» ለሚለን ሰው ምን እንመልስ



የዓለም የስኳር ሕመም ቀን የሚታሰበው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 14 ነው። ቀኑ የተመረጠው ኢንሱሊንን ካገኙት ሰዎች አንዱ የሆነው ካናዳዊው ሐኪም ፍሬድሪክ ባንቲንግ እ.ኤ.አ. በ1891 የተወለደበት ዕለት ስለሆነ ነው። በእኛ አቆጣጠር ኅዳር መግቢያ ላይ ይውላል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ኅዳር የሌላ በሽታ መታሰቢያ አለው። ኅዳር 12 ቀን ጥራጊውን ከየደጁ ሰብስበን ስናቃጥል፣ ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰን «ኅዳር ሲታጠን ነው» የምንለው፣ በ1911 ዓ.ም. ከተማዋን የመታውን የኅዳር በሽታ እያስታወስን ነው። ያ ወረርሽኝ ድሃ ከጌታ አልለየም፤ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ድነዋል።

ሁለቱን በሽታዎች ጎን ለጎን ያነሣኋቸው ያለ ምክንያት አይደለም። የእኛ የታመመ ሰው የመጠየቅ ባህል የተቀረጸው እንደ ኅዳር በሽታ፣ እንደ ወባ፣ እንደ ተስቦ ባሉ ሕመሞች ነው ብዬ አምናለሁ። ሰው ይተኛል፤ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ «እግዜር ይማርህ» ይባላል፤ ከዚያ በሽተኛው ወይ ይነሣል ወይ ይቀበራል። ጠያቂው በሁለቱም በኩል የሚለው ነገር ተዘጋጅቶለታል። ለተነሣው «እንኳን እግዚአብሔር ማረህ» አለ፤ ለተቀበረው ድንኳኑና ዕድሩ አለ። ለማይነሣውና ለማይቀበረው ግን የተዘጋጀ ነገር የለም።

እኔ ከእነዚህ አንዷ ነኝ። ያለብኝ ታይፕ ዋን የሚባለው የስኳር ሕመም ነው። ሰውነቴ ኢንሱሊን ስለማያመርት በየቀኑ እወጋለሁ፤ እስክሞትም እወጋለሁ። እንደኔ ያለ ሰው በዓለም ላይ መኖር የጀመረው በቅርቡ ነው። በጥር 1914 ዓ.ም. ቶሮንቶ ውስጥ ሊዮናርድ ቶምሰን የሚባል የ14 ዓመት ልጅ፣ ከስቶ አጥንቱ ቀርቶ ሳለ ኢንሱሊን ተወጋ። ከዚያ በፊት ይህ ሕመም የያዘው ልጅ ዕጣው ግልጽ ነበር፤ ሐኪሞች በረኀብ አመጋገብ ቀኑን ከማራዘም በቀር የሚያደርጉለት አልነበራቸውም። ቶምሰን ግን ከመርፌው በኋላ 13 ዓመት ኖረ። በእነዚያ ዓመታት አንድ ጎረቤት መንገድ ላይ አግኝቶት «ተሻለህ?» ቢለው ምን ይመልስ ነበር? ተሽሎታል። አልዳነም። ነገ ጠዋትም መርፌው ይጠብቀዋል። ይህን ሁሉ በአንድ የመንገድ ሰላምታ ውስጥ ማን ይጨርሰዋል?

ጠያቂዎቻችንን ለመውቀስ አልመጣሁም። እኔን የሚጠይቀኝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀኝ ስለሚወደኝ ነው፤ አለመጠየቅ ደግሞ በእኛ ዘንድ ነውር ነው። አልፎ አልፎ ፍቅሩ ያስቃል። ስኳሬ ከፍ ብሎ ሆስፒታል በተኛሁ ጊዜ አልጋዬ ሥር የተደረደረው የታሸገ ጭማቂ አንድ ሱቅ ይከፍት ነበር። ነገር ግን መወደድ አንድ ነገር ነው፤ የተወደደ ሰው ለወደደው ሁሉ የላቦራቶሪ ውጤቱን እንዲያቀርብ መገደዱ ሌላ ነገር ነው። ብዙዎቻችን ሁለቱን አንድ አድርገን ስለያዝናቸው ነው የደከምነው። አክስት ስለሆነች ሁሉን ማወቅ አለባት፣ ባልደረባ ስለሆነ ምንም ማወቅ የለበትም እንላለን። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። መልሱ መለካት ያለበት ጠያቂው ስንት ይወደኛል በሚለው ሳይሆን፣ በመልሱ ምን ያደርግበታል በሚለው ነው።

አንድ ምሳሌ ላንሣ። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ስኳሩ በድንገት ሊወርድ ይችላል። ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ሲሆን ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ልቡ በኃይል ይመታል፤ የበለጠ ሲወርድ ይነጫነጫል፣ ቃል ይምታታበታል፣ ሰው የጠጣ ይመስለዋል። በዚያ ሰዓት አክስቴ ደሴ ናት። አጠገቤ ያለው የቢሮ ባልደረባዬ ነው። ስለዚህ ሙሉ መልስ የሚገባው እሱ ነው፤ ቡና አብረን ባንጠጣም፣ በባሕርይም ባንጣጣም። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ እንዲያጠጣኝ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳ እንዲሰጠኝ፣ ስኳር የለሹ ዓይነት እንደማይሠራ፣ ሩብ ሰዓት ጠብቆ ካልተሻለኝ እንዲደግምልኝ፣ ራሴን ከሳትኩ ግን አፌ ውስጥ ምንም ሳይጨምር ወደ ሐኪም ቤት እንዲያሮጠኝ መናገር አለብኝ። ይህን ስነግረው የሕመሜን ታሪክ መተረክ አይጠበቅብኝም። መቼ ጀመረሽ፣ ከማን ወረስሽው፣ ይድናል ወይ የሚሉት ጥያቄዎች ከዚህ ጋር አይያያዙም።

አክስቴስ? አክስቴ ስልክ ስትደውል «ልጄ፣ ያ ነገር እንዴት አደረገሽ?» ትላለች። እኔም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» እላለሁ። ይህን የሰሙ አንዳንድ ወዳጆቼ ትዋሻለሽ ይሉኛል። አልዋሸሁም። እሷ የጠየቀችኝ ድምፄን ለመስማት ነው፤ ድምፄን ሰማች። ማለዳ የለካሁት 240 እንደነበር ብነግራት ቁጥሩ ለእሷ ሌሊቱን እንቅልፍ የሚነሣ፣ ለእኔ ግን ምሳ ሳይደርስ የማስተካክለው ነገር ነው። ስኳር በቀን ውስጥ ሲወጣና ሲወርድ የሚውል ነገር ነው። የሕመሙን አካሄድ የሚያሳየው የሦስት ወር አማካዩን የሚናገረው የደም ምርመራ ነው። ስለዚህ «ስኳርሽ ስንት ነው?» ለሚለኝ ሰው ቁጥር መስጠት ካቆምኩ ቆይቻለሁ። «በቁጥጥር ውስጥ ነው» እላለሁ። እውነት ካልሆነ ደግሞ «ሰሞኑን እያስቸገረኝ ነው» እላለሁ። ከዚህ በላይ የሚያስፈልገው ሰው ራሱ ይጠይቃል፤ አብዛኛው አይጠይቅም።

ከሁሉ የሚከብደኝ የጠያቂ ዓይነት ጠይቆ መልሱን ሳይሰማ መድኃኒት የሚያዝዘው ነው። «ሽፈራው ሞክረሻል?» «አብሽ በባዶ ሆድ ነው እንጂ!» «እንጀራ የጤፍ ብቻ ከሆነ ችግር የለውም።» የጤፍ እንጀራም ስኳር ከፍ ያደርጋል፤ መጠኑ ነው ዋናው። አብሹንም ሽፈራውንም ለሚወድ ሰው አልከለክልም፤ ኢንሱሊንን ግን አይተኩም። ክርክር ግን አልገባም። ሰርግ ቤት ትሪ ይዞ የቆመ ሰው ስለ ካርቦሃይድሬት ትምህርት አይቀበልም። «አመሰግናለሁ፣ ሐኪሜን እጠይቃለሁ» ይበቃል። በዚያው ሰርግ ላይ «ይህን ትበያለሽ እንዴ?» ብሎ ሳህኔን የሚቆጥር ደግሞ አለ፤ ለእሱ «አዎ» ማለት ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው።

አንድ ምክር ሲመጣ ግን በአክብሮት አላልፍም። መድኃኒቱን ትተሽ ጸበል ብቻ ግቢ የሚለው። ኢንሱሊን ያቋረጠ የታይፕ ዋን ሕመምተኛ በቀናት ውስጥ ደሙ በአሲድ ተመርዞ ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል፤ ይህ ለክርክር የሚቀርብ አይደለም። ለአማኝ ወገኖቼ የምለው፣ ቤተ ክርስቲያን ራሷ ይህን ምርጫ አላዘዘችም። በወቅቱ ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው መሄድ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረዋል። መጽሐፈ ሲራክም ስለ ሐኪም ክብር የሚናገር ክፍል አለው። ጸበልም እገባለሁ፤ መርፌዬንም ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ እገባለሁ።

አሁን ሴቶችን ይበልጥ ወደሚመለከት ነገር ልምጣ። ብዙ እናቶች ስኳር የያዛትን ልጃቸውን «ለማንም እንዳትናገሪ፣ ባል አታገኚም» ይሏታል። ልጅቷም ግብዣ ላይ መጸዳጃ ቤት ገብታ፣ በሩን ቆልፋ፣ ንጽሕና በጎደለው በዚያ ቦታ ትወጋለች። እናቶቹ ክፉ አይደሉም፤ የሠፈሩን ምላስ ያውቁታል። ለሠፈሩ ባትናገር እኔም እስማማለሁ፤ ሠፈሩ በመልሱ ከማማት በቀር የሚሠራው የለም። የሚያገባት ሰው ግን ከሁሉ የበለጠ ይሠራበታል። ሌሊት ላብ አጥምቋት ሲያገኛት ስኳር የሚያጠጣት እሱ ነው። ስለዚህ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ማወቅ አለበት። «መውለድ ትችያለሽ?» ብሎ ቢጠይቅ መብቱ ነው፤ መልሱም አዎ ነው። ከማርገዟ በፊት ስኳሯን አስተካክላ፣ በቅርብ ክትትል ጤናማ ልጅ የወለደች ብዙ ናት። ይህንኑ ጥያቄ ጸጉር ቤት ወንበር ላይ አጠገቧ የተቀመጠች ሴት ብትጠይቃት ግን ፈገግ ብላ ስለ ጸጉር ብታወራ ይሻላታል።

በጣም የማዝነው በአንድ ቦታ ላይ ነው። ሐኪሙ ፊት።

እስቲ የክትትል ክፍልን አስቡት። ከንጋቱ ጀምረን ካርድ ይዘን ተሰልፈን፣ በመጨረሻ በሩ ይከፈታል። ሐኪሙ ቀና ብሎ «እንዴት ነሽ?» ይላል። እኛም በተወለድንበት ጨዋነት፣ ለአክስታችን የሰጠነውን መልስ ለእሱም እንሰጠዋለን። «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ ደህና ነዎት?» እሱም መድኃኒቱን እንዳለ ይጽፋል፤ ቀጣዩ ይጠራል። በዚያ ወር ኢንሱሊን አልቆብን ገንዘብ እስክናገኝ ግማሽ ግማሹን እንደወጋን አልነገርነውም። ጣታችን እንደደነዘዘ፣ ጫማ የላጠን ቁስል ሳምንት እንዳለፈው፣ ማታ ማታ ዓይናችን እንደሚጋርደን አልነገርነውም። እግር የሚቆረጠው፣ ዓይን የሚጠፋው ብዙ ጊዜ በድንገት አይደለም፤ ሳይነገር በቆየ ትንሽ ነገር ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ተረት ዘመዶቻችን ምሥጢራችንን ለማስወጣት ሲጠቅሱት እሰማለሁ። ተረቱ ግን የሚናገረው መድኃኒቱ እጁ ላይ ስላለ ሰው ነው። ለጎረቤት ሁሉ ገላልጠን ስናበቃ፣ ሐኪሙ ዘንድ ስንደርስ ጨዋ እንሆናለን።

እዚህ አዳራሽ ያላችሁ ሐኪሞች፣ ሰልፋችሁን አውቃለሁ፤ ለአንድ ሰው የምትሰጡት ደቂቃ ጥቂት ነው። ቢሆንም «እንዴት ነሽ?» ብላችሁ አትጠይቁን። ይህን ጥያቄ የሰማ ኢትዮጵያዊ አፉ ራሱ ነው የሚመልሰው። «ካለፈው ቀጠሮ ወዲህ መርፌ ያለፈሽ ቀን አለ?» በሉን። «መድኃኒቱን ለመግዛት ተቸግረሽ ነበር?» በሉን። «ጫማሽን አውልቂ» በሉን፤ ይህ እንዲያውም ጥያቄ አይደለም፣ እግር ደግሞ ጨዋነት አያውቅም። እኛ ሕመምተኞች በበኩላችን ከቤት ስንወጣ ሦስት ነገር በብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፈን እንምጣ። ወረቀት አያፍርም፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለን ከጨረስን በኋላም ቢሆን ጠረጴዛው ላይ ማስቀመጥ እንችላለን።

የመጨረሻው ነገር ልጆችን ይመለከታል። ልጅ ሲታመም የሚጠየቀውም የሚመልሰውም ወላጅ ነው። በትምህርት መጀመሪያ ቀን እናት ልጇን ክፍሉ በር ላይ አቁማ፣ ተማሪዎቹ ሁሉ እየሰሙ፣ «እሷ ስኳር አለባት፤ ከረሜላ እንዳትሰጧት» ትላለች። ከፍቅር ነው፤ ውጤቱ ግን ክፉ ነው። መምህሯ የያዘችው ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ልጅቷ ገርጥታ፣ እጇ እየተንቀጠቀጠ ከረሜላ ስትለምን፣ መምህሯ «እናትሽ ከልክላለች» ትላታለች፤ አለዚያም ብቻዋን ወደ ቤት ትልካታለች። በዚያች ደቂቃ ሕይወቷን የሚያተርፈው ከረሜላው ነበር።

ስለዚህ ወላጆች፣ ለመምህሯ ለብቻዋ ንገሯት፤ ካላባትና ከተንቀጠቀጠች ከቦርሳዋ የጎን ኪስ ውስጥ ያለውን ወዲያው አብሊያት፣ እስክትረጋጋ አጠገቧ ሁኚ፣ ብቻዋን የትም አትላኪያት፣ ከዚያ ደውይልኝ በሏት። ስልካችሁን ጻፉላት። ለክፍል ጓደኞቿ የሚነገረውን ልጅቷ ራሷ ትምረጥ፤ ትንሽም ብትሆን ትችላለች። አንዷ ልጅ «ክንድሽ ላይ ምንድን ነው የምትወጊው?» ሲሏት «ምሳዬ እንዲፈጭልኝ ነው» ብላ ኳሷን ይዛ እንደሮጠች ሰምቻለሁ።