የደቡብ ነፋስ ሲነፍስ
(ከሬዲዮ ስብከት ተወስዶ ለንባብ የተዘጋጀ)

 የዛሬው ቃል የሚገኘው በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ከቁጥር 54 ጀምሮ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ በአጠገባችሁ ካለ ግለጡት። መኪና እየነዳችሁ የምትሰሙን ግን አሁን ስሙ ብቻ፣ ቤት ስትገቡ ታነቡታላችሁ።

ጌታ እዚህ ቦታ ላይ የሚያነሣው የአየር ሁኔታን ነው። የይሁዳ ሰዎች ከባሕሩ ወገን፣ ከምዕራብ ደመና ሲነሣ ዝናብ እንደሚመጣ ያውቁ ነበር። ከበረሃው ወገን፣ ከደቡብ ሲነፍስ ደግሞ ሙቀት እንደሚሆን ያውቁ ነበር። ጌታም ግምታችሁ ስሕተት ነው አላላቸውም። የወቀሳቸው ሰማዩን የሚያነብ ዓይን ይዘው፣ ዘመኑ ከእነርሱ የሚጠይቀውን ነገር ለማየት ግን ስላልፈለጉ ነው። ቁጥር 57 ላይ እንደውም ትክክለኛውን ነገር ራሳችሁ ለምን አትፈርዱም ወደሚል ጥያቄ ይገባል።

እኛስ? እስቲ ሰሞኑን ታክሲ ውስጥ የሚወራውን ስሙ። "ኧረ ይሄ ሙቀት ምንድን ነው?" ይላል አንዱ። "ድሮ እኮ ታኅሣሥ ሲገባ ያለ ጋቢ አይወጣም ነበር" ትላለች ከኋላ ያለችው እናት። "ስምንተኛው ሺህ ገባ!" ይላል ሌላው። ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያ "ወራጅ አለ!" ይባልና ወሬው እዚያው ይቀራል። የሚያሳዝነው፣ ጸሎት ቤት ውስጥም ብዙ ጊዜ ከዚህ አንርቅም። "ማራናታ" የምትል ቃል እንጨምርበታለን እንጂ ወሬው ያው ነው።

ሙቀቱ የስሜት ጉዳይ አይደለም። የዓለም ሜትዎሮሎጂ ድርጅት እ.ኤ.አ. 2024ን መመዝገብ ከተጀመረ ወዲህ እጅግ ሞቃቱ ዓመት ብሎታል፤ ኢንዱስትሪ ሳይስፋፋ ከነበረው ዘመን በ1.5 ዲግሪ ገደማ ይበልጣል። አንድ ዲግሪ ተኩል ምን አላት ትሉ ይሆናል። የልጃችሁ ገላ ከ37 ወደ 38.5 ሲወጣ ግን ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት ነው የምትሮጡት። በደብረ ዘይት አካባቢ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት፣ ሞቃት በሆኑ ዓመታት ወባ ወደ ደጋው ከፍ እያለ እንደሚወጣ አሳይቷል። ወባን የሚሸሽ ሰው ደጋ ይወጣ ነበር፤ አሁን ወባዋ ትከተለው ጀመር።

"እግዚአብሔር በጋና ክረምት እንዳይቋረጥ ቃል ገብቶ የለም ወይ? ታዲያ ይህ ሁሉ የፈረንጅ ወሬ አይደለም?" የሚሉ ወገኖች አሉ። ዘፍጥረት 8፥22ን ይዘው ነው። አዎን፣ ቃል ገብቷል፣ ቃሉም አይታጠፍም! ነገር ግን ያው መጽሐፍ ገና ምዕራፍ 12 ላይ አብርሃም ከረሃብ የተነሣ ወደ ግብፅ ሲወርድ ያሳየናል። ዮሴፍም እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ነበር፤ በጥጋቡ ዘመን ግን ከምርቱ አምስተኛውን እጅ በጎተራ አስቀመጠ። የዮሴፍን ጎተራ እምነት ማጣት ብሎ የጠራው የለም።

አሁን ወደ ቦረና ልውሰዳችሁ። እዚያ አገር ዝናብ በዓመት ሁለት ጊዜ ይጠበቃል፤ ዋናው ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ አጭሩ ከመስከረም እስከ ኅዳር። አንዱ ቢቀር ሌላው ይደርሳል ተብሎ ነው የሚኖረው። ከ2013 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ ግን በቦረና፣ በሶማሌ ክልል፣ በጎረቤት ኬንያና ሶማሊያም ጭምር አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ከሸፉ። አምስት! በሚሊዮን የሚቆጠር ከብት አለቀ። ለቦረና ሰው ከብት ማለት ባንኩ ነው፣ የልጆቹ ወተት ነው፣ ክብሩም ነው። ትናንት መቶ ከብት የነበረው አባወራ ዛሬ በመጠለያ የእርዳታ ስንዴ ይሰለፋል።

የአየር ንብረት ተመራማሪዎች ይህንን ድርቅ አጥንተው በ2015 ዓ.ም. ውጤቱን ሲያወጡ፣ የሰው ልጅ ያመጣው ሙቀት የዚህን ዓይነት ድርቅ የመከሰት ዕድል መቶ ጊዜ ያህል እንደጨመረው ተናገሩ። ዝናቡ ማነሱ ብቻ አይደለም። የወረደችውንም ጥቂት ውሃ ሙቀቱ ከአፈሩና ከሳሩ ላይ መጥጦ ወሰዳት።

እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ ታዲያ ከአንዳንዶቻችን አፍ ምን ይወጣል? "ምን ሠርተው ይሆን? ጣዖት እያመለኩ እኮ ነው ሰማይ የተዘጋባቸው።" ወገኖቼ፣ እባካችሁ ሉቃስ 13ን ግለጡ። ምዕራፉ ተቀየረ እንጂ የጌታ ንግግር አልተቋረጠም። በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው የሞቱ 18 ሰዎች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ከሌላው የኢየሩሳሌም ነዋሪ የባሱ ኃጢአተኞች ነበሩን? ጌታ የመለሰው "አይደለም" ብሎ ነው። ከዚያም ጣቱን ወደ አድማጮቹ አዞረ። ንስሐ የተጠየቀው ግንቡ የወደቀበት ሰው ሳይሆን፣ ቆሞ ስለ እርሱ የሚያወራው ሰው ነው።

"የኤልያስ ዘመን ድርቅስ?" የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ያ ድርቅ የመጣው ስለ አክዓብ ቤት ኃጢአት ነው። ግን ኤልያስ ተልኮ ነው የተናገረው፤ የሚጠጣው ወንዝም በዚያው ድርቅ ደርቆበታል። እኛ ቧንቧ ከፍተን ቀዝቃዛ ውሃ እየጠጣን ነው በጠማው ሰው ላይ ትንቢት የምንናገረው! ደግሞስ ድርቅ በኃጢአት ልክ የሚከፈል ቢሆን ኖሮ፣ ለሙቀቱ ምክንያት የሆነውን ነዳጅና ከሰል አብዝቶ ያነደደው አይቀድምም ነበር? ዓለም ከሚለቀው የሙቀት አማቂ ጋዝ ውስጥ የኢትዮጵያ ድርሻ ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም። ከዚያ ውስጥ የቦረናው እረኛ ድርሻ ስንት ይሆናል? መኪና የለው፣ ፋብሪካ የለው።

ይህን ስል ሁሉንም በፈረንጅ ላይ እንለጥፍ ማለቴ አይደለም። የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ መጨረሻ ሲደርቅ በሞተር ለመስኖና ለከተማ የጠጣነው፣ ከተራቆተው ተራራ የወረደውም ደለል የሞላው እኛው ነን። ከዓመታት በኋላ ውሃው ተመልሶ ስናይ ደስ ብሎናል። ትምህርቱ ግን መረሳት የለበትም።

"ይህ ሁሉ የመጨረሻው ዘመን ምልክት ነው፣ ምን ማድረግ ይቻላል?" ለሚሉት ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ማቴዎስ 24 ላይ ጌታ ራብን ከምልክቶቹ ቆጥሯል፤ የምጥ መጀመሪያ ነውም ብሏል። ይህን ያለው በደብረ ዘይት ተራራ ተቀምጦ ነው። ከዚያው ተራራ ሳይነሣ፣ እዚያው ትምህርት ላይ፣ ምዕራፍ 25 ውስጥ ተርቦ ያበሉትን፣ ተጠምቶ ያጠጡትን በቀኙ የሚያቆም ንጉሥ እንደሆነ ይናገራል። ምዕራፍ 24ን በቃሉ የያዘ ሰው 25ን እንዴት ይዘላል?

አሁን ሐዋርያት ሥራ 11 ቁጥር 27 እስከ 30ን እዩ። እዚህ ላይ ቆም እንበል። አጋቦስ የሚባል ነቢይ ከኢየሩሳሌም ወደ አንጾኪያ ወርዶ በዓለም ሁሉ ታላቅ ራብ እንደሚሆን በመንፈስ አመለከተ፤ በቀላውዴዎስ ዘመንም ሆነ። የአንጾኪያ ቤተ ክርስቲያን ምን አደረገች? ስለ ዘመን ፍጻሜ ሴሚናር አልጠራችም። በይሁዳ ያሉት ምን ኃጢአት ሠርተው ነው ብላም አልጠየቀች። እያንዳንዱ እንደ አቅሙ አዋጣ፣ በበርናባስና በሳውል እጅ ለሽማግሌዎቹ ላከ። ልብ በሉ፣ ትንቢቱ ዓለም ሁሉ ነው የሚለው፤ አንጾኪያም ውስጡ አለችበት። "ለራሳችንስ?" ሊሉ ይችሉ ነበር። አላሉም። ከዚህ በፊት ያለው ቁጥር 26 ደግሞ ደቀ መዛሙርት መጀመሪያ ክርስቲያን የተባሉት በአንጾኪያ ነው ይላል። ስሙን ባገኙ ማግስት የምናነብላቸው ሥራ ይህ ነው።

ጊዜውንም ተመልከቱ። ማስጠንቀቂያውን ሰምተው ነው የቆረጡት። ከብት ሳይከሳ ለድርቆሽና ለውሃ ቦቴ የሚላክ ብር፣ ከብቱ ካለቀ በኋላ ከሚላክ ብዙ ኩንታል እህል ይበልጣል። ሰውየው ከብቱን በደኅና ዋጋ ሸጦ ማትረፍ የሚችለውም ገና በመጀመሪያው ወቅት ነው። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ሬሳው በቴሌቪዥን ሲታይ ነው መባ የምንሰበስበው።

ስለዚህ የሽማግሌዎችና የዲያቆናት ኅብረቶች፣ ይህን ሳምንት ተቀመጡበት። የኢትዮጵያ ሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ለበልግም ለክረምትም ለበጋም አስቀድሞ የወቅት ትንበያ ያወጣል። ትንበያው ትንቢት ነው አልልም፣ ይሳሳታልም፤ ግን ከአምልኮ በኋላ ሠርግና ለቅሶ በሚነገርበት ማስታወቂያ ላይ ሁለት ደቂቃ ቢነበብ ገበሬው ወንድማችን መቼ እንደሚዘራ ከግብርና ባለሙያው ጋር ይማከርበታል። ዝናብ ያጥራል በተባለበት አካባቢ ያለችውን አጥቢያ ደውላችሁ ጠይቁ፤ የሚያስፈልጋትን እርሷ ትንገራችሁ። ደጋ ያላችሁ፣ ወባ ካሁን በፊት በማይታወቅበት ቀበሌ የሚያተኩሰው ሰው ቢበዛ ጸልዩለት፣ ጸልያችሁም ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ክረምት ላይ በዘመቻ የተከላችሁትን ችግኝ ደግሞ በጥር ወር ሄዳችሁ ቁጠሩት፤ ስንቱ በሕይወት አለ? ውሃ የሚያጠጣው ማን ነው?

እንጸልይ። አባት ሆይ፣ በቦረናና በሶማሌ ምድር ላሉት ዝናብን በወቅቱ ስጥ። ከብቱን ላጣው አባወራ መቋቋሚያውን ስጠው፣ እርሱን ለመርዳትም የእኛን እጅ ዘርጋ። ስለ ተጎዱት የተናገርነውን ክፉ ቃል ይቅር በለን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።