የልጆች መጻሕፍት መደርደሪያ ከወዳደቀ ጣውላ

በመቀሌ ከተማ፣ በሓድነት ክፍለ ከተማ የምትገኙ ወላጆችና የሠፈር አናጢዎች ሆይ፣ የዛሬው ንግግራችን ስለ አንድ ትንሽ የቤት ዕቃ ነው፤ ይኸውም ስለ ልጆች የመጻሕፍት መደርደሪያ።

«መጽሐፍ ሳይኖር መደርደሪያ ምን ይሠራል?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። እስቲ ያለፈውን እናስታውስ። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ትግርኛን ጨምሮ እስከ 15 በሚደርሱ ቋንቋዎች አስተምሯል። ሆኖም ፊደል ከቆጠሩት መካከል የሚያነቡት አጥተው ፊደሉ ተመልሶ የጠፋባቸው ነበሩ። በትግራይም ከመጋቢት 2012 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በወረርሽኙና በጦርነቱ ምክንያት ልጆች ሦስት ዓመት ያህል ከትምህርት ርቀው ቆይተዋል። ስለዚህ ሁለት መጽሐፍም ትሁን አንዲት አሮጌ ደብተር፣ በቤት ውስጥ ቦታ ይኑራት። ሣጥን ውስጥ የተቆለፈ መጽሐፍ ማን ያነበዋል?

ታዲያ ጣውላው ከየት ይምጣ? የቲማቲም ሣጥን፣ ያረጀ በር፣ ከግንባታ የተረፈ ጣውላ፣ ፓሌት የሚባለው የዕቃ መጫኛ ርብራብ ሁሉ ያገለግላል። ነገር ግን ጥንቃቄ ያሻል። ፓሌቱ ላይ «ኤች ቲ» የሚሉ የላቲን ፊደሎች ካሉ በሙቀት የታከመ ነው፤ ይሁን። «ኤም ቢ» የሚል ከሆነ ግን በመርዛም ጋዝ የታጠነ ነውና ለልጅ ዕቃ አይሁን። አሮጌ ቀለም የተቀባውንም ተዉት። ሊድ የተባለው መርዛም ብረት ሊኖርበት ይችላል፤ እሱም የልጅን አእምሮ ይጎዳል። እንዲህ ያለውን ጣውላ አትፋቁት፣ ለማገዶም አታድርጉት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንደኛ፣ ምስማሩን በጉጠት ነቅላችሁ ጣውላውን በፀሐይ አድርቁ፤ ምስጥ የበላውን ለዩ። ሁለተኛ፣ ልጁን ራሱን አቁማችሁ ለኩት፤ የላይኛው እርከን ከትከሻው አይብለጥ። የእርከኑ ስፋት 20 ሳንቲ ሜትር፣ በእርከንና በእርከን መካከል ያለው ክፍተት 30 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ሦስተኛ፣ እጅ እንዳይወጋ ጠርዙን በመላጊያና በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ። አራተኛ፣ መደርደሪያውን ከግድግዳው ጋር አጥብቃችሁ እሰሩት። ልጅ ይንጠላጠላል፤ ያልታሰረ መደርደሪያ በላዩ ይወድቃል። መጽሐፎቹንም ሽፋናቸው ወደ ፊት እንዲታይ አቁሙ፤ ገና ማንበብ ያልጀመረ ልጅ መጽሐፉን በሥዕሉ ይለየዋልና።

በመጨረሻ የልጁን ስም በጉልህ ፊደል ጻፉበት። ስሙ ያለበትን ዕቃ ልጅ «የኔ ነው» ብሎ ይጠብቀዋል። ፊደል ያልቆጠረች እናት ወይም አያት ካለችም፣ ልጁ በስሙ ፊደሎች ይጀምርላት። ከምትወደው ስም የበለጠ ቶሎ የሚያዝ ቃል ከየት ይገኛል?

እንግዲህ አድማጮቻችን፣ ጓሮ የወደቀውን ጣውላ ከመማገዳችሁ በፊት እስቲ አገላብጣችሁ እዩት።