ርእሰ አንቀጽና የመራጩ ልብ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልንናገርበት የመረጥነው ጉዳይ ጋዜጣ በርእሰ አንቀጹ የመራጩን ልብ እንዴት እንደሚስብ ነው። በአገራችን ሕግ 18 ዓመት የሞላው ሰው ይመርጣል፤ ከእኛም ብዙዎቻችን ዘንድሮ 18 ዓመት ሞልቶናል። ከዚህም ሌላ ከፋርጣ፣ ከእስቴና ከጋይንት የመጣን ልጆች ለዕረፍት ወደ ቤታችን ስንገባ ፊደል ላልቆጠሩ ሽማግሌዎች የምናነብላቸው እኛ ነን። እንግዲህ ጽሑፉ ወደ ጆሯቸው የሚደርሰው በእኛ ድምፅ ስለሆነ የምናነበውን ነገር ጠባይ ማወቅ ይገባናል።

ዜና የሆነውን ይነግራል፤ ርእሰ አንቀጽ ግን ሊሆን የሚገባውን ይናገራል። ጸሐፊው ብዙ ጊዜ ስሙን አይጽፍም፤ «እኛ» ወይም «ሕዝባችን» ይላል። (እኛም ዛሬ «እኛ» እያልን መናገራችንን ልብ ያለ ሰው አይሳቅብን፤ ቃሉ ለተናጋሪው እንዴት እንደሚጣፍጥ በዚሁ አውቀነዋል።) የግሪኩ ፈላስፋ አሪስቶትል ሰሚ የሚረታው በተናጋሪው ጠባይ፣ በራሱ በሰሚው ስሜትና በነገሩ ማስረጃ ነው ብሎ ጽፏል። በምርጫ ሰሞን ሁለቱ ሲበዙ ሦስተኛው ያንሳል።

አዲስ ዘመን ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተም የመንግሥት ጋዜጣ ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ጊዜ ዙፋኑን፣ በደርግ ጊዜ አብዮቱን፣ ከ1983 ዓ.ም. በኋላም የኢሕአዴግን መንገድ አወድሷል። መንግሥት ሲለወጥ የጋዜጣው ስም አልተለወጠም፤ «ሕዝባችን» የሚለውም ቃል አብሮ ከረመ። የመጀመሪያው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ምርጫ ሲደረግ ፓርቲ ስላልነበረ ጋዜጣ የሚደግፈው ወይም የሚነቅፈው ፓርቲ አልነበረም። ሙግቱ የመጣው በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ ሕግ ወጥቶ የግል ጋዜጦች ሲበዙ ነው።

ከሁሉ የጋለው የግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ምርጫ ነበር። እኛ ያን ጊዜ አልተወለድንም። ኢሕአዴግ በንብ፣ ቅንጅት በሁለት ጣት ምልክት ተወዳደሩ፤ የመንግሥቱ ጋዜጣ ለገዥው ፓርቲ፣ ከግሎቹም ብዙዎቹ ለተቃዋሚው አደሉ። የገዥው ፓርቲ መሪዎች ተቃዋሚዎቻቸውን በ1986 ዓ.ም. በሩዋንዳ ሕዝብ ከፈጀው ከኢንተርሃምዌ ጋር አመሳሰሉ። አንዲት ቃል ናት፤ ዳሩ ግን እርሷ ከተነገረች በኋላ ስለ መሬትና ስለ ማዳበሪያ ዋጋ የሚጠይቀውን ገበሬ ማን ያዳምጠዋል? ከጣሊያን ወረራ ዘመን የቀረው «ባንዳ» የሚለው ስድብም ከፖለቲካችን ዛሬም አልጠፋም። ከምርጫው በኋላ በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ደም ፈሰሰ፤ የቅንጅት መሪዎችና ብዙ ጋዜጠኞችም ታሰሩ።

በእንግሊዝ አገር ዘ ሰን የተባለው ጋዜጣ እ.ኤ.አ. በ1992 ወግ አጥባቂው ፓርቲ ሲያሸንፍ፣ ድሉ የእኔ ነው ብሎ በፊት ገጹ ፎክሯል። ፉከራ ለካ የእኛ ደጋ ብቻ አይደለም!

አሁን ከማንም ጋዜጣ ሳንወስድ ራሳችን የሠራናቸውን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ስሙልን። አንደኛው «እንደሚታወቀው ሰላም ወዳዱ ሕዝባችን የልማት እንቅፋቶችን በካርዱ ሊቀጣ ይገባል» ይላል። ሁለተኛው «እንደሚታወቀው ቆራጡ ሕዝባችን የአፈናውን ሥርዓት በካርዱ ሊያሰናብት ይገባል» ይላል። ባለጋራዎች ናቸው፤ አጥንታቸው ግን አንድ ነው። «እንደሚታወቀው» የሚለው ማን አወቀው ተብሎ እንዳይጠየቅ በሩን ይዘጋል። «ሰላም ወዳዱ» ከተባለ ያልተስማማው ሰው ሰላም የማይወድ ሆኖ ይቀራል። «ይገባል» የሚለውም አዛዡ የማይታይ ትእዛዝ ነው። ቅጽሎቹን ሰርዘን ብናነብ የሚቀረው «እገሌን አትምረጡ» ብቻ ነው፤ ለምን ለሚለው መልስ የለውም። ቅኔ ቤት ያለፉ አባቶቻችን ሰሙን ሰምተው ወርቁን ይፈልጋሉ፤ በእንዲህ ያለው ጽሑፍ ግን ሰሙ ቀልጦ ሲያልቅ ከሥሩ ወርቅ አይገኝም።

ሁሉም ርእሰ አንቀጽ እንዲህ ነው አላልንም። ቁጥር የሚጠራ፣ ማን እንደሚጠቀምና ማን እንደሚጎዳ የሚናገር፣ የባላንጣውንም ክርክር ሳያጣምም የሚያቀርብ አለ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን መምህሮቻችን መጽሐፍ ባስነበቡን ቁጥር «ማን ተናገረ? ለማን?» እያሉ ይጠይቁን ነበር። ያንኑ ጥያቄ ወደ ጋዜጣው ልንወስደው አስበናል።

ስለዚህ ከመጪው ወር ጀምሮ ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ፣ በአንድ ጉዳይ ላይ የተጻፉ ሁለት የማይስማሙ ርእሰ አንቀጾችን ጮክ ብለን እናነባለን። ወላጆቻችንም ብትመጡ ወንበር አይጠፋም፤ ማንበብ ባትችሉም ሰምታችሁ «ማስረጃው የታለ?» ብላችሁ ብትጠይቁን ደስ ይለናል።