ቢላዋ ቀለም አያይም
(እሁድ በማህበራችን ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር፤ ስቲከር ከማስቆረጥ በፊት ፋይሉን ስለማዘጋጀት)

ውድ እህቶቼ፣ ወንድሞቼም ያላችሁ፣ በሳምንት አንድ ያለቻችሁን የእረፍት ቀን ለዚህ ስለሰጣችሁ አመሰግናለሁ። እሁድም መውጣት ያልተፈቀደላቸው፣ ማዳም በር የቆለፈችባቸው እህቶች ደግሞ በመጽሔታችን እንዲያነቡት ተጽፎ ይወጣል ስለተባልኩ፣ ቀስ ብዬ ነው የምናገረው።

የማወራችሁ ስለ ስቲከር ነው። በሱቅ መስታወት ላይ፣ በመኪና በር ላይ፣ በታፔላ ላይ ተቆርጦ ተለጥፎ የምታዩት ፊደልና ሥዕል ማለቴ ነው። የሚቆርጠው ማሽን ከተር ወይም ፕሎተር ይባላል። ጫፉ ላይ ትንሽዬ ቢላዋ አለችው። የላይኛውን ፕላስቲክ ትቆርጣለች፣ ከስር ያለውን ወረቀት ግን አትነካም። በኋላ ትርፉን ስንነቅለው የምንፈልገው ቅርጽ ብቻ ወረቀቱ ላይ ይቀራል።

«እኛ የሰው ቤት የምንሠራ ሴቶች ይሄ ምን ያደርግልናል?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ልክ ናችሁ፣ ልመልስ። እኔ የተማርኩት እስከ አስረኛ ክፍል ነው፣ ይህንንም የለመድኩት እዚሁ በማህበራችን ላፕቶፕ ነው። ማሽን አያስፈልጋችሁም። ፋይሉን በደንብ ካዘጋጃችሁ ባለማሽኑ ይቆርጥላችኋል። አገር ስንገባ የላክነው ብር አልቆ ሊጠብቀን ይችላል፣ ሁላችንም የምናውቀው ነው። ሙያ ግን ኤርፖርት ላይ በኪሎ አይመዘንም።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። እዚህ አገር ወረቀታችን በከፊላችን ስም ነው። ከእሱ ውጭ ለሌላ ሰው በገንዘብ መሥራት መኖሪያ ፈቃዳችንን አደጋ ላይ ይጥላል። ስለዚህ የምናገረው እንድትማሩት፣ ለማህበራችን በነፃ እንድትሠሩበት፣ ለነገም እንድትይዙት ነው።

ለእንቁጣጣሽ ዝግጅታችን ያስቆረጥነውን ስቲከር የምታስታውሱ አላችሁ። ዲዛይኑ በእኛ ላፕቶፕ ላይ ያማረ ነበር። ባለሱቁ በራሱ ኮምፒውተር ሲከፍተው የአማርኛ ፊደል ስላልነበረው «እንኳን አደረሳችሁ» የሚለው ሁሉ ባዶ ሳጥን ሆነ። እሱ አማርኛ አያነብም፣ ሳጥን ይሁን ፊደል አይለይም። ሳጥኑን ቆርጦ ሰጠን፣ ገንዘቡንም ተቀበለ። ስንጠይቀው «የሰጣችሁኝን ነው የቆረጥኩት» አለ። የዛሬው ትምህርት ይህ እንዳይደገም ነው።

ዋናው ነገር አንድ ነው፦ ቢላዋ ቀለም አያይም። ቢላዋ ሐሳባችሁንም አያውቅም። የሚያየው መስመር ብቻ ነው። መስመር ባለበት ይቆርጣል፣ በሌለበት ያልፋል።

አንደኛ፣ ፎቶ አትስጡት። በስልክ ያነሳችሁት ሥዕል የተሠራው ከጥቃቅን ነጥቦች ነው፣ ስታተልቁት ይደበዝዛል። ለማሽኑ የሚያስፈልገው ቬክተር ነው፣ ማለትም በመስመር የተሠራ ሥዕል። ቬክተር የእጅ መዳፍ ቢያክል፣ ግድግዳ ቢሞላ ጥራቱ አይለወጥም። እኛ የምንጠቀምበት ፕሮግራም ኢንክስኬፕ ይባላል፣ በነፃ ነው የሚወርደው። ፎቶን ወደ መስመር የሚቀይር «ትሬስ ቢትማፕ» የሚባል መሣሪያ አለው። ግን አትመኑት። ብዙ ጊዜ መስመሩን በማይረባ ነጥብ ይሞላዋል፣ ቢላዋውም እየተንገጫገጨ ይሄዳል። «ሲምፕሊፋይ» የሚለው ነጥቡን ይቀንስላችኋል። ቀላል ሥዕል ከሆነ ግን ከላዩ ላይ ራሳችሁ ብትስሉት ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ፊደሉን ወደ ቅርጽ ቀይሩ። የእንቁጣጣሹን ጉድ የሚያስቀረው ይህ ነው። ጽሑፉን መርጣችሁ «ፓዝ» ከሚለው ሜኑ ውስጥ «ኦብጀክት ቱ ፓዝ» በሉት። ከዚያ በኋላ ፊደሉ ፊደል መሆኑ ይቀርና ሥዕል ይሆናል። በየትም አገር ኮምፒውተር ቢከፈት አይለወጥም። ባለሱቁ ኮረል ድሮው ወይም ኢሉስትሬተር ቢጠቀምም ሥራው ያው ነው፣ የሚለየው የትእዛዙ ስም ነው። ከተቀየረ በኋላ ግን ስህተት ማረም አይቻልም። ስለዚህ ከመቀየራችሁ በፊት አንድ ቅጂ አስቀምጡ፣ ጽሑፉንም ለሌላ ሰው አስነብቡ።

ሦስተኛ፣ የተደራረበውንና የተደበቀውን አጽዱ። ሁለት ክብ ተደራርቦ በአንድ ቀለም ሲሞላ ለዓይን አንድ ይመስላል። ቢላዋው ግን ሁለቱንም ዙሪያ ይቆርጣል፣ መሀሉ ይበጣጠሳል። «ዩኒየን» በሚለው አዋህዷቸው። ወፍራም መስመር ከሳላችሁ ደግሞ ማሽኑ ውፍረቱን አያውቅም፣ መሀል ለመሀል አንዴ ሰንጥቆት ያልፋል። «ስትሮክ ቱ ፓዝ» በሉት፣ ውፍረቱ ቅርጽ ይሆናል። ነጭ ቀለም ከላይ አድርጋችሁ የሸፈናችሁት ነገር ካለም እሱንም ይቆርጠዋል። መሸፈን ማጥፋት አይደለም። ቀለሙ ጠፍቶ መስመሩ ብቻ እስኪቀር ድረስ ኮንትሮልን ይዛችሁ 5 ቁጥርን ደጋግማችሁ ጫኑ። ቢላዋው የሚያየው ያንን ነው። እዚያ ላይ የማትፈልጉት መስመር ካለ አጥፉት።

አራተኛ፣ ንብርብር። ፕሮግራሙ ላይ ሌየር ይባላል። ጥልፍ የጠለፈች ታውቀዋለች፤ በየቀለሙ ክር ይለወጣል አይደል? እዚህም ማሽኑ ላይ የሚገባው ጥቅል አንድ ቀለም ነው። ቀዩ ለብቻ፣ ጥቁሩ ለብቻ፣ ነጩ ለብቻ ይቆረጣል። ስለዚህ ለያንዳንዱ ቀለም የራሱን ሌየር ክፈቱ። ስሙን ባለሱቁ በሚያነበው ፊደል ጻፉት። አህመር፣ አስወድ፣ አብየድ፣ አስፈር የማያውቅ ከመሀላችን የለም።

«ሰላም ቡና» የሚል ማስታወቂያ እንውሰድ። ከታች ቀይ ክብ አለ። በላዩ ጥቁር ጀበና ይቀመጣል። የጀበናው አንገት ላይ ቢጫ መቀነት አለ። ጽሑፉ ነጭ ሆኖ ክቡ ላይ ያርፋል። ነጩ ጽሑፍ ቀዩ ላይ በቀጥታ ቢለጠፍ ችግር የለውም፣ ሁለት ድርብ ብቻ ነው። መቀነቱ ጋ ግን ቀይ፣ ጥቁር፣ ቢጫ፣ ሦስት ድርብ ሆነ። ድርቡ ሲበዛ ያብጣል፣ ጠርዙ ላይ አየር ይይዛል። ስለዚህ ከጀበናው ስር ያለውን ቀይ ቅደዱት። ቀዳዳው ግን በጀበናው ልክ አይሁን። በዙሪያው ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ጠበብ ይበል፣ የጀበናው ጠርዝ ቀዩን ረግጦ እንዲያርፍ። የጀበናውን ቅጂ ውሰዱ፣ «ኢንሴት» በሚለው አጥብቡት፣ ከዚያ «ዲፈረንስ» በሚለው ከቀዩ ላይ ቀንሱት። ልክ በልክ ከገጠማችሁት ፀሐይ ሲመታው ፕላስቲኩ ትንሽ ይሰበሰባል፣ በመሀል ክፍተት ይታያል። ሲለጠፍ እጅ ቢንቀጠቀጥም እንደዚያው።

አምስተኛ፣ የማገጣጠሚያ ምልክት። ከሥዕሉ ውጭ፣ በሁለት ወይም በሦስት ጥግ ትንንሽ አራት ማዕዘን ሳሉ። ያንኑ ምልክት በያንዳንዱ ሌየር ላይ በዚያው ቦታ ቅዱ። ሲለጠፍ የሁለተኛው ቀለም ምልክት በመጀመሪያው ምልክት ላይ ልክ ካረፈ ሥዕሉም በቦታው ያርፋል። ሥራው ሲያልቅ ምልክቶቹ ይላጣሉ። ሌየሮቹ በየፋይሉ ከተለያዩ በኋላ አንዱን ብቻ አታሳድጉ፣ አታሳንሱ። ከዚያ በኋላ አይገናኙም።

ስድስተኛ፣ የት ነው የሚለጠፈው ብላችሁ ጠይቁ። ከመስታወቱ ውስጥ ተለጥፎ ከመንገድ የሚነበብ ከሆነ ሁሉም ነገር መገልበጥ አለበት። ሁሉንም በአንድ ላይ መርጣችሁ በእንግሊዝኛው ኪቦርድ ኤች የሚለውን ስትጫኑ ግራው ቀኝ ይሆናል። የመለጠፉም ተራ ይገለበጣል። ከፊት መታየት ያለበት ነጩና ቢጫው መስታወቱን ቀድመው ይነካሉ፣ ከዚያ ጥቁሩ፣ ቀዩ መጨረሻ ይመጣል።

ሰባተኛ፣ ፊደላችን የራሱ ጠባይ አለው። ከተቆረጠ በኋላ ትርፉን መንቀል እንደ አረም ነው። ጤፍ ያረመ ሰው ያውቀዋል፣ ስትቸኩል ሰብሉን ትነቅላለህ። የላቲን ፊደል ሲነቀል ይቀላል። የእኛ ግን የመ ቀለበት አለ፣ የወ ሆድ አለ፣ የቤ እግር ላይ ያለች ትንሽ ክብ አለች። አራት ነጥብ ደግሞ አራት የተለያየ ቁራጭ ነው፣ አንዷ ብትሄድ ማን ይፈልጋታል? ለመቆረጥ ወፍራም ፊደል ምረጡ። ከ1 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ጽሑፍ ተዉት፣ ቀጭኑ ክፍል አብሮ ይነሳል። ለንባብም በሙያው የታወቀ ሒሳብ አለ፤ 2.5 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ፊደል እስከ 3 ሜትር ያህል ርቀት ደህና ይነበባል። መንገዱ ማዶ ላለ ሰው ከሆነ በዚያው ልክ አሳድጉት። አማርኛ ደግሞ ሀን ከሁ፣ ቢን ከቤ የሚለየው በትንሽ ነገር ስለሆነ፣ ጨምሩበት እንጂ አትቀንሱ።

ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት መጠኑን በሴንቲ ሜትር ጻፉ። «ትልቅ አድርገው» ማለት መጠን አይደለም። ዋናውን በኤስቪጂ ለራሳችሁ አስቀምጡ። ለባለሱቁ በፒዲኤፍ ወይም በኢፒኤስ ስጡት፣ የትኛውን እንደሚቀበል አስቀድማችሁ ጠይቁት። በስልክ ደግሞ ሥራው ሲያልቅ ምን መምሰል እንዳለበት የሚያሳይ ፎቶ ያዙ። ዶራም ሂዱ ቡርጅ ሐሙድ፣ ባለሱቁ አማርኛ ስለማያነብ ኮምፒውተሩ ላይ የከፈተውን ከፎቶው ጋር አስተያዩ። ሙሉውን ከመቁረጡ በፊት ጥግ ላይ ትንሽ እንዲሞክር ለምኑት። ገንዘብ የሚከፈለው ይህ ሁሉ ከታየ በኋላ ነው። ያኔ ጥፋት ቢመጣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ በግልጽ ይታወቃል። እናንተ ቋንቋ ባይሞላላችሁም ፋይሉ ይናገርላችኋል።

እህቶቼ፣ እኛ በሰው ቤት ውስጥ ብዙ ጊዜ «አታውቅም» ተብለን ነው የምንታዘዘው። ይህንን የምታውቅ ሴት ግን ሱቅ ገብታ «ይህ መስመር ለምን ሁለት ጊዜ ተቆረጠ?» ብላ ትጠይቃለች። ባለሱቁም ቀና ብሎ ያያታል።

የሚመጣው እሁድ ላፕቶፑ እዚህ አለ። ወረቀት ላይ በእርሳስ የሳላችሁትን ይዛችሁ ኑ፤ አገር ቤት ልትከፍቱት የምታስቡትን የሱቅ ስም፣ የእናታችሁን ስም፣ ምንም ይሁን። ከሁለት ቀለም አይብለጥ፣ ለመጀመሪያ ይበቃል። ኮምፒውተር ነክታችሁ የማታውቁ አትፈሩ፣ አጠገባችሁ ቁጭ ብዬ አሳያችኋለሁ። የማህበራችንን የበር ማስታወቂያም ፀሐይ በልቶታል። አዲሱን እኛው እናዘጋጀው።