ጭነት የመሰለው መድፍ፦ ትናንሽ ወታደሮችና የመቅደላ ጦርነት



የዛሬው ርእሴ ቁመቱ ሦስት ሴንቲ ሜትር የማይሞላ ወታደር ነው። ከቆርቆሮና ከእርሳስ ቅይጥ ወይም ከፕላስቲክ ይሠራል፤ ቀለም ይቀባል፤ ከብጤዎቹ ጋር ተሰልፎም ጠረጴዛ ላይ ይዋጋል። በባሕር ማዶ በዚህ ሙያ ዕድሜያቸውን የፈጁ ጎልማሶች ብዙ ናቸው። ዋተርሉንም ኖርማንዲንም ይሠራሉ፤ በ1860 ዓ.ም. የተደረገውን የእንግሊዝ የመቅደላ ዘመቻ የሚሠሩም አሉ። እኔ ዛሬ የማነሳው አንድ ነገር ነው። በጦር ሜዳ ልብስና ጭነት ዓይንን ያታልላሉ። ትንሹን ወታደር የሚሠራ ሰው ደግሞ እያንዳንዱን ቁልፍና እጥፋት መወሰን ስላለበት ያንን ማታለል ሳይመረምር ብሩሹን ማንሳት አይችልም። ሙያው ለታሪክ የሚበጀው በዚህ ነው።

ከጥንቱ ልነሳ። ግብፅ ውስጥ አስዩት ከሚባለው ቦታ፣ ከመሰህቲ መቃብር የወጡ ሁለት የእንጨት ጭፍሮች ዛሬ በካይሮ ሙዚየም ይገኛሉ። አንዱ ጭፍራ 40 ግብፃውያን ጦረኞች፣ ሌላው 40 ኑብያውያን ቀስተኞች ናቸው። ዕድሜያቸው ወደ አራት ሺህ ዓመት ይጠጋል። ሠሪው ሁለቱን ወገኖች በመሣሪያቸው፣ በቆዳቸው ቀለምና በሽርጣቸው ለይቷቸዋል። ማን ማን እንደሆነ በመልክና በልብስ መንገር ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የዚህ ሙያ ሥራ ነው።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ በጀርመን፣ በኑረምበርግ አካባቢ ሂልፐርት የሚባል ባለሙያ ጠፍጣፋ የቆርቆሮ ወታደሮችን እያቀለጠ ለገበያ ማውጣት ጀመረ። በ1893 እ.ኤ.አ. ደግሞ የለንደኑ የብሪተን ቤተሰብ ውስጡ ባዶ የሆነ የእርሳስ ወታደር ማቅለጥ ቻለ። ብረቱ አነሰ፣ ዋጋው ረከሰ፣ ወታደሩም ወደ ተራው ቤት ገባ። ደራሲው ኤች. ጂ. ዌልስ በ1913 እ.ኤ.አ. ለእነዚህ ወታደሮች የጨዋታ ሕግ የያዘ መጽሐፍ አሳተመ። መድፎቹ በሞላ የእንጨት ጥይት የሚተኩሱ ስለነበሩ የተመታው ወታደር በእርግጥ ይወድቅ ነበር።

ለእኛ ነገር ይበልጥ የሚጠቅመው ግን የፕሩሲያ መኮንኖች ጨዋታ ነው። ራይስቪትስ የተባሉ አባትና ልጅ ያዳበሩት ይህ ጨዋታ በ1824 እ.ኤ.አ. በጦር ሠራዊቱ ተቀባይነት አገኘ። ተጫዋቹ የጠላቱን ጦር እንዳለ አያየውም፤ ዳኛው በመሐል ቆሞ «ከኮረብታው ጀርባ አቧራ ይታያል» ይለዋል። አቧራው ፈረሰኛ ይሁን የከብት መንጋ፣ መፍረድ የተጫዋቹ ፈንታ ነው። ጦርነትን ያለ እርግጠኝነት ማጫወት የተጀመረው በዚህ ዓይነት ነበር።

አገራችንም ከዚህ አልራቀችም። የመሳፍንቱና የመኳንንቱ ጨዋታ የነበረው ሰንጠረዥ፣ የአገራችን ቼዝ፣ «ወረራ» የሚባል መክፈቻ ነበረው። የመጀመሪያው መማረክ እስኪሆን ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ሠራዊታቸውን እንደፈለጉ ያንቀሳቅሳሉ። አንዱ የሌላውን እጅ እያየ አሰላለፉን ይለውጣል፤ በቀኝ የሚመጣ መስሎ በግራ ያደባል። ያን ጨዋታ የተካነ መኮንን የጠላትን ሐሳብ ከአሰላለፉ መገመት ይለምዳል። ግምቱ ሲስት ደግሞ ምን ሊያስከፍል እንደሚችል መቅደላ አጠገብ አሮጌ ወደሚባለው ሜዳ ወርደን እንይ።

ዕለቱ ዓርብ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. ነው፤ ስቅለት። የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር ከዙላ ወደብ ተነስቶ፣ 44 ዝሆኖችና በአሥር ሺዎች የሚቆጠር የጭነት እንስሳ አሰልፎ የበሽሎን ወንዝ ተሻግሯል። ዐፄ ቴዎድሮስና አለቆቻቸው ከፋላ አምባ ላይ ሆነው ሸለቆውን ይመለከታሉ። ከገደሉ አፍ ወደ አሮጌ ሜዳ የወጣው ሰልፍ የበቅሎ ሰልፍ ነበር። ከላይ ለሚያየው ሰው ጠባቂ የሌለው ጓዝ ነው፤ ሊዘረፍ የቀረበ ሲሳይ። በፊታውራሪ ገብርዬ የሚመራው ብዙ ሺህ ጦር ቁልቁል ተወረወረ።

ከእነዚያ በቅሎዎች ግን ከፊሎቹ የተጫኑት የተራራ መድፍ ነበር። የተራራ መድፍ ተፈታቶ ይጫናል፤ አፈሙዙ በአንዷ፣ ሠረገላው በሌላዋ፣ መንኮራኩሩ በሦስተኛዋ በቅሎ ላይ ይሆናል። ሲያወርዱትና ሲገጥሙት የሚፈጀው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። ከመድፉ ጎን የባሕር ኃይሉ ሮኬቶች ተተኮሱ። ከኋላ የሚጎርሰውን አዲሱን የስናይደር ጠመንጃ የያዘው እግረኛ ፊት ለፊት ቆመ፤ የፑንጃብ ጭፍራ በሳንጃ ገጠመ። ሲመሽ ከእኛ ወገን 700 ያህል ሰው ሞቶ ነበር፤ ገብርዬም ከሟቾቹ አንዱ ሆነ። የእንግሊዝ ጉዳት 20 ቁስለኛ ሲሆን ከእነሱ ሁለቱ በኋላ ሞቱ።

ናፒየር መድፉን ጓዝ አስመስሎ ወጥመድ ዘረጋ ማለቴ አይደለም፤ የጭነቱ ሰልፍ ቀድሞ ሜዳው ላይ መውጣቱ ራሱ የእንግሊዙ አዛዥም ያላሰበው ነገር ነበር። ማንም ሳያቅድ የተፈጠረ መሸፈኛ ነው። ይህን ጦርነት ጠረጴዛ ላይ የሚያጫውት ሰው ጣጣው እዚህ ላይ ነው። መድፍ የጫኑትን በቅሎዎች እንደ መድፍ ቀብቶ ካቆማቸው የቴዎድሮስን ወገን የያዘው ተጫዋች ከአምባው አይወርድም፤ እኛም «ለምን ወረዱ?» ብለን በአባቶቻችን ላይ በቀላሉ እንፈርዳለን። በቅሎዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ጭነት መስለው ቢሠሩና የትኛዋ ምን እንደጫነች የሚያውቀው ዳኛው ብቻ ቢሆን፣ ከፋላ ላይ የታየው ነገር ለተጫዋቹም ይታየዋል። ውሳኔው ያን ጊዜ ከእብሪት የመጣ መሆኑ ይቀርና ባዩት ነገር ላይ የተደረገ ፍርድ ይሆናል።

የልብሱም ነገር እንዲሁ ነው። በዚያ ዘመን የነበረን የእንግሊዝ ወታደር ሁሉ ቀይ ኮት የሚያለብስ ሠሪ መቅደላ ላይ ይስታል። አቧራ የመሰለው ካኪ ከህንድ ውጭ ለዘመቻ የተለበሰው መጀመሪያ በዚህ ዘመቻ እንደሆነ የልብስ ታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። የዚያን ጊዜ ካኪ ቀለሙ አንድ ወጥ አልነበረም፤ ስለዚህ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ወታደሮች አንዱ ወደ ቡና፣ ሌላው ወደ ግራጫ ሊያደላ ይገባል።

ከእንግሊዞቹ መሐል ደግሞ የእኛን ልብስ የለበሰ አንድ ሰው ነበር። ካፒቴን ስፒዲ ቀደም ሲል የቴዎድሮስን ወታደሮች ያሠለጠነ፣ አማርኛ የሚናገር፣ «ባሻ ፈለቀ» የሚል ስም የወጣለት ሰው ነው፤ በዘመቻው በአስተርጓሚነት መጣ። ከዘመቻው በኋላ የኢትዮጵያ ልብስ ለብሶ ከቴዎድሮስ ልጅ ከልዑል ዓለማየሁ ጋር የተነሳውን ፎቶግራፍ ያነሳችው ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ናት። ቁመቱ ከሁለት ሜትር ትንሽ የሚያንስ፣ ጺሙ ቀይ ስለነበር በሸማ ሊሸሸግ አይችልም። ልብሱ መደበቂያው ሳይሆን «አውቃችኋለሁ» የሚልበት መንገድ ነበር።

እሱን በትንሹ ለመሥራት ከሌሎቹ በአንገት የሚረዝም አካል ይመረጣል። ሸማው በማጣበቂያ ከራሰ ስስ ወረቀት ይሠራና ሳይደርቅ ትከሻው ላይ ይጣላል፤ እጥፋቱ በመርፌ ጫፍ ይስተካከላል። ሲደርቅ በቀጥታ ነጭ አይቀባም። መጀመሪያ ሞቅ ያለ ግራጫ፣ ቀጥሎ የወተት መልክ፣ ንጹሁ ነጭ ደግሞ በእጥፋቱ ጀርባ ላይ ብቻ ይሆናል። ጥለቱ የሚሠመረው መጨረሻ ላይ ነው፤ መስመሩም እጥፋቱን ተከትሎ መውጣትና መውረድ አለበት። ቀጥ ብሎ ከተሠመረ ሸማው ቆርቆሮ ይመስላል።

የእኛ ነባር ሠዓሊዎች ይህን የማንነት ጥያቄ በሌላ ዘዴ ፈትተውት ነበር። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳም ሆነ እንደ በላቸው ይመር ያሉ ሠዓሊዎች በሣሉት የዐድዋ ጦርነት ላይ የወገን ሰው ፊቱ ሙሉ፣ ሁለት ዓይኑ የሚታይ ነው፤ ጠላት ግን በጎኑ ይሣላል፣ አንድ ዓይን ብቻ ይኖረዋል። በዚያ ሥዕል ውስጥ ጠላት ሸማ ቢደርብ አያመልጥም፤ ዓይኑ ያጋልጠዋል። ሠዓሊው ለተመልካቹ ፍርዱን አስቀድሞ ሰጥቶታል። ከዙሪያው የሚታየው ትንሽ ወታደር ግን የማንም ወገን ቢሆን ሁለት ዓይን አለው፤ ፍርዱን ለሚያየው ሰው ይተወዋል። ሁለቱንም አሠራር ማወቅ ያለብን ለዚህ ነው፤ አንዱ ትዝታችንን፣ ሌላው ጥርጣሬያችንን ይጠብቅልናል።

ማታለሉ ሁልጊዜ በእኛ ላይ የተደረገ አይምሰላችሁ። ከመካነ ሰላም ከተማ ብዙም በማይርቀው በሳይንት፣ በአጅባር አካባቢ በግንቦት 1933 ዓ.ም. ኮሎኔል ማራቬንታኖ የሚመራው የጣሊያን ጦር እጁን ሰጠ። ከደብረ ማርቆስ ተነስቶ፣ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ደሴ ሊያመልጥ ሲጓዝ የነበረ ብዙ ሺህ ሰው ነው። ያሳደደው የእንግሊዙ መኮንን የዊንጌት ጦር፣ በውስጡ ሱዳናውያን፣ ኢትዮጵያውያንና አዲስ አበባ የተወለደው እንግሊዛዊ ዊልፍሬድ ቴሲጀር የነበሩበት፣ ከአርበኞቹ ጋር ተደምሮም በመሣሪያ ከጣሊያኑ ያንስ ነበር። ዊንጌት ለኮሎኔሉ ደብዳቤ ላከ፤ እጁን ካልሰጠ መደበኛውን ጦር አንስቶ ለአርበኞቹ እንደሚተወው አስታወቀው። ጣሊያኑ በየሸንተረሩ ያለውን ሰው መቁጠር አልቻለም፤ ከቁጥሩ በላይ ገመተው። የአሮጌው ስሕተት ተገላብጦ መጣ፤ በ1860 ብርቱው ኃይል ደካማ መስሎ ታየ፣ በ1933 ትንሹ ብዙ መስሎ ታየ።

ታዲያ የእኛን ወገን ትናንሽ ወታደሮች ለመሥራት ምን እናድርግ? የናፒየር ወታደር ፎቶግራፉም፣ የዜና ሥዕሉም፣ የደንብ ልብስ መዝገቡም ስላለ እስከ ቁልፉ ይታወቃል። የቴዎድሮስ ወታደር የሚታወቀው በአብዛኛው ከጠላት ብዕር ነው። የቴዎድሮስ ሚስት የእቴጌ ጥሩወርቅ ቀሚስ ለንደን፣ በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል፤ የንጉሠ ነገሥቱ የፀጉር ዘለላ እንኳ ወደ አገሩ የተመለሰው በ2011 ዓ.ም. ነው። ነገር ግን ጋፋት ላይ የተቀለጠው ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው የቴዎድሮስ መድፍ ዛሬም መቅደላ ላይ አለ፤ ሊለካ ይችላል። ሸማኔው በሰፈራችን አለ፤ ኮርቻና ጋሻ ያስቀመጠ ቤተሰብ አይጠፋም፤ የአያቶቹን ነገር የሚያወራ ሽማግሌም አለ።

ተማሪዎች፣ በሦስት ሰው ጀምሩ፦ አንድ ባለነፍጥ፣ አንድ በቅሎ ነጂ፣ ስንቅ የተሸከመች አንዲት ሴት። ያለ ሦስተኛዋ ያ ሠራዊት አንድ ቀን አያድርም ነበር። ሠርታችሁ ስትጨርሱ ደግሞ በእያንዳንዱ መቆሚያ ሥር ልብሱን ከየት እንዳገኛችሁት ጻፉ፤ ከፎቶግራፍ፣ ከሙዚየም ዕቃ፣ ወይስ ከሽማግሌ ቃል። ግምት ከሆነም «ግምት» ብላችሁ ጻፉ፤ ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ሠሪ የሚያርመው እሱን ነው።