ስለ ጡት ነቀርሳ የጨረር ሕክምናና ስለ መዘዙ



ከላስታ ደጋ አንዲት እናት ጡቷን ታመመች እንበል። ከላሊበላ ተነሥታ በጋሸና፣ በወልድያና በደሴ አድርጋ አዲስ አበባ ትገባለች። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት በአገራችን የጨረር ሕክምና የሚሰጥበት ብቸኛ ስፍራ ነበረ፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ጅማን የመሳሰሉ ተጨምረዋል። እናቲቱም ለሳምንታት ከዘመድ ቤት እየተመላለሰች ታክማ፣ ድና አገሯ ትመለሳለች። የዛሬው ነገራችን የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

ጨረር የነቀርሳውን ሕዋስ የሚገድለው በውስጡ ያለውን የዘር መዝገብ በመቆራረጥ ነው። ዳሩ ግን በአጠገቡ ያለውን ጤነኛ ሥጋ፣ ከጎድን ሥር ያለውን ሳንባ ጭምር፣ በመጠኑ ይነካል። ጨረሩ ራሱ በሰውነት ውስጥ አይቀርም፤ ያበላሸው ግን አንዳንድ ጊዜ ሳይጠገን ይቀርና፣ ብዙውን ጊዜ ከዐሥር ዓመት በላይ ቆይቶ አዲስ ነቀርሳ ሊያስነሣ ይችላል።

አደጋውን ማጋነን አይገባም። በ2009 ዓ.ም. የወጣ ሰፊ ጥናት እንደ ገመተው፣ በዘመናዊ መሣሪያ ከታከሙት መካከል ጨረሩ የሳንባ ካንሰር የሚያመጣባቸው፣ ሲጋራ ከማያጨሱት ከ1000 ሦስቱን ያህል ሲሆን፣ ማጨሱን ከማይተዉት ግን ከ100 አራቱን ያህል ነው። የባላገር እናቶቻችን አብዛኞቹ አያጨሱምና፣ ይህን ፈርቶ ሕክምናውን መተው ትልቅ ስሕተት ነው።

እዚህ ላይ ቋንቋችን ራሱ ያሰናክለናል። «የሳንባ ነቀርሳ» ሲባል ሁላችንም የምናስበው ተላላፊውን ቲቢ ነው። እናቲቱ ከዐሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ብትስል፣ አክታዋ ለቲቢ ይመረመራል፤ ደግ ነው። ነገር ግን ቲቢ ሳይገኝ ሳሉ ቢቀጥል፣ ደረቷ በጨረር መታከሙን ያልሰማ ሐኪም ሌላውን በምን ይጠርጥር? እንደዚሁም በታከመው ጡት ወይም በጠባሳው ላይ የበለዘ የሚመስል ሐምራዊ ምልክት ቢወጣ፣ «ምች ነው» ተብሎ ዳማ ከሴ ይታሽበታል። ይህ ግን እጅግ ጥቂት በሆኑ ሴቶች ላይ፣ ከአምስት ዓመት በኋላም ቢሆን፣ የሚነሣ ክፉ የቆዳ ነቀርሳ ሊሆን ስለሚችል ፈጥኖ መመርመር ያሻዋል።

የታከመችበትን ዓመትና ጎን የያዘው የሐኪም ወረቀት ብዙውን ጊዜ የሚቀረው፣ አርፋበት በነበረው በከተማው ዘመድ መሳቢያ ውስጥ ነው። በእናንተ ዘንድ የሚገኝ ከሆነ፣ ቅጂውን አስቀርታችሁ ዋናውን ለገና ወደ ላሊበላ በሚወርድ ሰው እጅ ላኩላት።