የዛገ የባሌስትራ ቡሎን አወጣጥ

አቅራቢ ሀ፦ ፒክአፕን ከፍ ለማድረግ ባሌስትራ ሲቀየር፣ ከመግጠሙ ይልቅ አሮጌውን መፍታቱ ያስቸግራል። መካነ ኢየሱስ ከተማን በመሰለ ደጋማ አካባቢ የክረምት ጭቃና ውሃ የባሌስትራው የጎማ ቡሽ ውስጥ ይገባል። ቡሎኑም ከቡሹ የውስጥ ቧንቧ ጋር በዝገት ይጣበቃል።

አቅራቢ ለ፦ ዳዶው ይፈታል፤ ቡሎኑ ግን ንቅንቅ አይልም። ችኮላ የሚጎዳውም እዚህ ላይ ነው።

አቅራቢ ሀ፦ በቅድሚያ መኪናው በክሪክ ብቻ ሳይሆን ቻንሲው በጠንካራ የብረት መቆሚያ ይደገፋል። የቡሎኑ ጥርስ በሽቦ ብሩሽ ይጸዳል፤ ዝገት ፈቺ ዘይት ተረጭቶ ያድራል። ቡሎኑ ሲመታ ዳዶው ጫፉ ላይ መቆየት አለበት፤ አለበለዚያ ጥርሱ ይጨፈለቃል።

አቅራቢ ለ፦ ብዙዎች ወደ እሳት ይሮጣሉ።

አቅራቢ ሀ፦ እሳት የጎማ ቡሹን ያቃጥላል፤ ጭሱም መርዛማ ነው። የባሌስትራው ብረት ከጋለ የመለጠጥ ኃይሉን ያጣል። በነዳጅ ታንከር፣ በፍሬን ቱቦ ወይም ጋዝ ባለው ሾክአብዞርበር አጠገብማ ፈጽሞ አይሞከርም። ቡሎኑ ከቧንቧው ጋር አብሮ የሚዞር ከሆነ፣ በቡሹና ባሌስትራውን በያዘው ማቀፊያ መካከል በግራና በቀኝ መቁረጥ ይሻላል። ቡሎንና ቡሽ ይተካሉ፤ ቻንሲ ግን እንዲህ በቀላሉ አይተካም።

አቅራቢ ለ፦ አዲሱ ሲገባስ?

አቅራቢ ሀ፦ የቡሎኑ ግንድ ግራሶ ይቀባል። አክስሉን የሚያቅፉት የዩ ቅርጽ ቡሎኖች አንዴ ስለተሳቡ በአዲስ ይቀየራሉ። የጎማ ቡሽ ያላቸው ቡሎኖች የመጨረሻውን ጥብቀት የሚያገኙት መኪናው በጎማዎቹ ከቆመ በኋላ ነው፤ ተንጠልጥሎ ከጠበቀ ቡሹ ተጠምዝዞ ቶሎ ይቀደዳል።